ድብና ዓሣ ነባሪ በአንድ ጉዞ፦ ወደ ጁኖ፣ አላስካ ለሚሄዱ የዝግጅት መመሪያ

የአላስካ የዱር እንስሳት ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ከተደረሰ በኋላ ሳይሆን ገና ቤት ተቀምጦ ቀን ሲቆረጥ ነው። ከሥራ ዕረፍት የተሰጠውን ሳምንት ብቻ አይቶ ትኬት የገዛ ሰው በሜይ መጀመሪያ ይገባና ዓሣ ነባሪ አይቶ ድቡን ሳያይ ይመለሳል። በሴፕቴምበር መጨረሻ የሄደው ደግሞ ወንዝ ዳር የሚጠብቀው የሳልሞን ዓሣ አጥንትና ዝናብ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እንስሳት የሚንቀሳቀሱት መብላቸውን ተከትለው ነው። ስለዚህ ከትኬት በፊት መታወቅ ያለበት ምን፣ መቼና የት እንደሚበሉ ነው።

እዚህ የምንጽፈው ስለ ጁኖ ነው። የአላስካ ዋና ከተማ ብትሆንም ከሌላው ዓለም በመኪና መንገድ አትገናኝም፤ የሚገባባት በአውሮፕላን ወይም በመርከብ ብቻ ነው። ሲያትልና አካባቢዋ ለሚኖረው ብዙ ሐበሻ ግን ቅርብ ናት፦ በአውሮፕላን 2 ሰዓት ተኩል ገደማ። የመረጥናት ለቅርበቷ ብቻ አይደለም። ባሕሯ በደሴቶች የተከለለ በመሆኑ ከክፍት ውቅያኖስ ይልቅ የረጋ ነው። ዓሣ ነባሪውም ድቡም አንድ ማረፊያ ቤት ሳይለቀቅ በየተራ ሊታዩ ይችላሉ።

ቀን መምረጥ

ጁኖ አካባቢ በብዛት የሚታየው ዓሣ ነባሪ ሃምፕባክ የሚባለው ነው። ክረምቱን አብዛኞቹ ሃዋይ ያሳልፋሉ፤ እዚያ ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ግን ምንም አይበሉም ማለት ይቻላል። ከዚያ 4,800 ኪሎ ሜትር ያህል ዋኝተው ወደ ደቡብ ምሥራቅ አላስካ የሚመጡት ሄሪንግ የተባለውን ትንሽ ዓሣና ክሪል የሚባሉትን ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ለመብላት ነው። ከአፕሪል እስከ ኖቬምበር ይታያሉ፤ ከጁን እስከ ኦገስት ግን የሚታዩት በብዛት ነው።

ድቡ የራሱ አቆጣጠር አለው። በፀደይ ከዋሻው ወጥቶ በጁን ወር ሴጅ የሚባለውን የባሕር ዳር ረግረግ ሣር እንደ ከብት ይግጣል። በጁላይ ሳልሞን እንቁላሉን ሊጥል ከባሕር ወደ ትናንሽ ወንዞች መግባት ሲጀምር፣ በየጫካው ተበታትኖ የነበረው ድብ ወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባል። ሰው ተቀምጦ ድብ ማየት የሚችለው በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለቱን ደርበን ስናይ የሚሻለው ጊዜ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት አጋማሽ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት ማለት ነው። ከዚህ ውጪ ዕረፍት ያገኘ ሰው ቀኑን መግፋት ካልቻለ ቦታውን ይቀይር። በጁን የሚሄድ ከጁኖ ይልቅ ከሆመር ወይም ከአንኮሬጅ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ሌክ ክላርክ ወይም ወደ ካትማይ ብሔራዊ ፓርክ ባሕር ዳር ሄዶ ሣር የሚግጡ ቡናማ ድቦችን ቢያይ ይሻለዋል። በሴፕቴምበር የሚሄድ በካትማይ ፓርክ ብሩክስ ወንዝ ላይ ለክረምቱ የሰቡትን ድቦች ያገኛል። በአፕሪል የሚሄድ ደግሞ ከሲዋርድ ወደብ በሚነሱ ጀልባዎች ከሜክሲኮ ወደ ሰሜን የሚያልፉትን ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ማየት ይችላል፤ የድቡን ነገር ግን ለሌላ ዓመት ይተወው።

የድቡ ቀን መጀመሪያ ይያዝ

የዓሣ ነባሪ ጀልባ በበጋ በየቀኑ ብዙ ጊዜ ስለሚወጣ ቦታ ማግኘት ከባድ አይደለም። የድቡ ፈቃድ ግን የተቆጠረ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ የድብ ፈቃድ፣ ከዚያ የአውሮፕላን ትኬት፣ ከዚያ ማረፊያ፣ በመጨረሻ ጀልባ። ይህን ገልብጠው ትኬት ቀድመው የሚገዙ ሰዎች ፈቃዱ ያለቀበት ሳምንት ላይ ይወድቃሉ።

ከጁኖ በስተ ደቡብ አድሚራልቲ ደሴት አለች። የአገሩ ሕዝብ ትሊንጊቶች «ኩትስኖዉ» ይሏታል፤ የድቦች ምሽግ ማለት ነው። ደሴቷ ላይ 1,500 ያህል ቡናማ ድቦች ይኖራሉ ተብሎ ይገመታል፤ ጥቁር ድብ የለባትም። ድብ ለማየት የተለየው ቦታ ፓክ ክሪክ ይባላል። ከጁኖ ውኃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 ያለ ፈቃድ አይገባም። ዋናው ወቅት ከጁላይ 5 እስከ ኦገስት 25 ሲሆን በዚያ ጊዜ በቀን የሚፈቀደው ለ24 ሰው ብቻ ነው።

መግቢያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፈቃዱን ራስ በሬክሪኤሽን ዶት ጎቭ ድረ ገጽ ገዝቶ አውሮፕላኑን ብቻ መከራየት ነው፤ ይህ ይረክሳል። ሌላው ፈቃድ ያላቸውን አስጎብኚ ድርጅቶች መያዝ ነው፤ ፈቃዱ፣ በረራውና አስጎብኚው በአንድ ዋጋ ይገባሉ። ድብ አይቶ ለማያውቅ ሰው ሁለተኛውን እንመክራለን። ገንዘቡ ይበዛል፣ ግን የድቡን ጠባይ ማንበብ የሚችል ሰው አጠገብ መቆም በወረቀት የማይተካ ነገር ነው። ድርጅቱን ስታነጋግሩ እነዚህን ጠይቁ፦ ፈቃዱ በዋጋው ውስጥ አለ ወይ? በአየር ምክንያት በረራው ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይቀየራል? የልጆች ዕድሜ ገደብ አለ? የላስቲክ ቦት ጫማ ይሰጣሉ? መሬት ላይ የምትቆዩት ስንት ሰዓት ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ድብ ሲመጣ በቀጠሮ አይመጣም፤ አንድ ሰዓት ብቻ የሚያሳርፍ ጉዞና ሙሉ ቀን የሚያቆይ ጉዞ በዋጋ ቢቀራረቡ እንኳ በፍሬ አይገናኙም።

ፓክ ክሪክ ካለቀ አናን አለ። ራንግል ከምትባለው ከተማ አጠገብ ሲሆን በጀልባ ወይም በአውሮፕላን ይኬዳል። ከጁላይ 5 እስከ ኦገስት 25 በቀን 60 ሰው ይገባል፤ ጥቁርና ቡናማ ድብ በአንድ ወንዝ ሲያጠምዱ የሚታይበት ብርቅ ቦታ ነው። በጀት ለጠበበው ደግሞ ጁኖ ውስጥ፣ ከሜንደንሆል የበረዶ ግግር አጠገብ፣ ስቲፕ ክሪክ የሚባል ጅረት አለ። ከእንጨት በተሠራ ከፍ ያለ መተላለፊያ ላይ ሆነው በጁላይና በኦገስት ጥቁር ድቦች ሳልሞን ሲያጠምዱ ማየት ይቻላል፤ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ይደረሳል። በኦገስት ግን የጎርፍ ማስጠንቀቂያ መኖሩን ተመልከቱ። በ2023፣ በ2024ና በ2025 በዚሁ ወር ከግግሩ ጎን የታቆረው ውኃ ገንፍሎ ሸለቆውን አጥለቅልቋል።

ወረቀት

ከሲያትል ወደ ጁኖ በቀጥታ መብረር የአገር ውስጥ በረራ ነው። ከሜይ 7 ቀን 2025 ጀምሮ ሪል አይዲ (የፌደራሉን መስፈርት የሚያሟላ) መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ከሌለ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ ወይም የሥራ ፈቃድ ካርድ ይሠራል።

ልብ ማለት ያለባችሁ መርከብ የመረጣችሁ ናችሁ። ከሲያትል የሚነሱት ትላልቅ የመዝናኛ መርከቦች በአሜሪካ ሕግ ምክንያት መንገድ ላይ በውጭ አገር ወደብ መቆም ስላለባቸው አብዛኞቹ ካናዳ ውስጥ ቪክቶሪያ ላይ ይቆማሉ። ይህ ከአሜሪካ መውጣት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱንና ጊዜው ያላለፈበት የአገሩን ፓስፖርት አንድ ላይ መያዝ አለበት፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ያለቀበት ሰው ከወራት በፊት ማሳደስ ይጀምር። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው ደግሞ አስቀድሞ የጉዞ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ቢወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። ጠበቃውን ሳያማክር እንዲህ ያለ መርከብ ላይ አይውጣ። እንዲህ ላለው ሰው የሚሻለው ቀጥታ በረራው ነው።

ስንት ቀን፣ በምን ቅደም ተከተል

ቢያንስ 5 ሌሊት ያዙ። የመጀመሪያው ቀን መግቢያ ነው። የድቡ በረራ ሁለተኛው ቀን ላይ ይሁን፤ ሦስተኛውና አራተኛው ክፍት ይቆዩለት። ምክንያቱ ጉም ነው። ትንንሾቹ አውሮፕላኖች የሚበሩት አብራሪው በዓይኑ እያየ ስለሆነ ደመናው ዝቅ ካለ አይነሱም፤ መነሳትም የለባቸውም። የድቡን ቀን ከመመለሻው ዋዜማ ላይ ያስቀመጠ ሰው አንድ ጠዋት ጉም ከያዘው ሁሉንም ያጣል። ዓሣ ነባሪው ግን በቀላል ዝናብም ይታያልና በማንኛውም በተረፈ ቀን ይገባል። በዚያው የድብ ቀን ማታ የሚነሳ የመመለሻ ትኬት ፈጽሞ አትግዙ፤ ጠዋት በሰላም የገባችሁበት አውሮፕላን ከሰዓት በጉም ምክንያት ሊወስዳችሁ ላይመጣ ይችላል።

ሁለቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከርም ይቻላል፤ አንመክርም። ጠዋት ለ3 ሰዓት ያህል ጀልባ ላይ ቆሞ በነፋስ የተመታ ሰው ከሰዓት በኋላ ወንዝ ዳር በዝምታ የመቀመጥ ትዕግሥት አይኖረውም።

ልብስ፦ ጋቢውን ማረፊያ ተዉት

ጁኖ ያለችው ቶንጋስ በሚባለው ዝናባም ደን ውስጥ ነው። በጁላይ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ18 ዲግሪ አይበልጥም፤ ጀልባ ላይ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ እንደ አንኮበር ጠዋት ይሰማል። ዝናቡ እንደ ክረምታችን ዶፍ ወርዶ የሚያባራ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ የሚያካፋ ነው። ስለዚህ ጥያቄው መዝነቡ አይደለም፣ ርሳችሁም መሞቅ መቻላችሁ ነው።

ጥጥ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ገላ ላይ ይቀዘቅዛል። ጋቢ፣ የጥጥ ሹራብና ጂንስ ለማታ ማረፊያ ክፍል ጥሩ ናቸው፤ ለጀልባና ለወንዝ ዳር ግን አይሆኑም። ለአንድ ሰው የሚበቃው ይህ ነው፦ ከሱፍ ወይም ከሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሠራ የውስጥ ልብስ ከላይም ከታችም 2 ጥንድ፤ ከላዩ የሚደረብ 1 ፍሊስ ጃኬት፤ ውኃ የማያስገባ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬትና፣ ብዙዎች የሚረሱት፣ የዝናብ ሱሪ፤ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፤ ስስ ጓንት፤ የሱፍ ካልሲ 4 ጥንድ። እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦት ጫማ ለፓክ ክሪክ የግድ ነው፤ አውሮፕላኑ ውኃው ላይ ስለሚያርፍ ወርዶ በውኃ ውስጥ መራመድ አለ። ዣንጥላ አትያዙ፤ በጀልባ ላይ ነፋሱ ይገለብጠዋል፣ የጎረቤትንም ዓይን ይወጋል።

ጃኬቱን ከጉዞው በፊት ፈትኑት፦ ለብሳችሁ ሻወር ሥር 5 ደቂቃ ቁሙ። ትከሻና ዚፕ አካባቢ ውኃ ከገባ ቀይሩት ወይም ውኃ መከላከያ ቀቡት። ይህን ጁኖ ደርሶ ማወቅ በጣም ውድ ነው።

ውኃ ላይ ለሚያርፈው አውሮፕላን ሻንጣው ለስላሳ ይሁን፤ ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ አይገባም። ክብደታችሁን ሲጠይቋችሁ ልብስና ጫማ ጨምራችሁ እውነቱን ንገሯቸው። አብራሪው ማን የት እንደሚቀመጥና ምን ያህል ነዳጅ እንደሚጫን የሚያሰላው በዚያ ቁጥር ስለሆነ፣ በይሉኝታ የተቀነሰ ኪሎ አደጋ ነው።

ባሕር ላይ

የዓሣ ነባሪ ጀልባዎች የሚነሱት ከመሀል ከተማው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ኦክ ቤይ ነው። ጉዞው ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ሰዓት ይወስዳል። ትልቅ ጀልባ ሞቃት ክፍልና መጸዳጃ አለው፣ ለአረጋውያንና ለሕፃናት ይመቻል። ትንሹ ጀልባ ሰው ስለማይበዛበት ለፎቶ ይሻላል፤ መጸዳጃ መኖሩን ግን ጠይቁ። እናትና አባታቸውን ይዘው የሚሄዱ ያለ ማመንታት ትልቁን ይምረጡ።

ባሕሩ የረጋ ቢሆንም ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል። መድኃኒት በደንብ የሚሠራው ሕመሙ ሳይጀምር ሲወሰድ ነው። ሜክሊዚን ከመነሳታችሁ 1 ሰዓት በፊት፣ ዳይመንሃይድሪኔት ከግማሽ ሰዓት እስከ 1 ሰዓት በፊት ይዋጣል፤ ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን በሐኪም ትእዛዝ የሚገኝ ሲሆን ቢያንስ ከ4 ሰዓት በፊት ይለጠፋል። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ውሰዱ፣ አትደራርቡ። እንቅልፍ ስለሚያመጡ አንድ የዕረፍት ቀን ቤት ውስጥ ሞክሯቸው። ግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ዝንጅብልም ይረዳል፤ ትኩስ የዝንጅብል ሻይ በቴርሞስ መያዝ መልካም ነው። ጀልባው ላይ ዝቅ ብላችሁ መሀል ወይም ወደ ኋላ ተቀመጡ፤ ዓይናችሁ አድማስ ላይ ይሁን። ስልክ ማየት የብዙውን ሰው ሆድ ቶሎ ያናውጠዋል።

ባዶ ሆድም ያባብሳል። ይህን የምንለው የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7፣ ስለሚገባ ነው፤ ከምርጡ ወቅት መጨረሻ ጋር ይገጥማል። እስከ ከሰዓት የሚጾም ሰው የጀልባውን ጉዞ ከሰዓት በኋላ ባለው ተራ ይያዝ። አለዚያ ጉዞውን ከኦገስት 7 በፊት ማድረግ ይሻላል። ጁኖ ውስጥ የጾም ምግብ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ከምግብ ቤቱ ዝርዝር አብዛኛው ዓሣ ነው። ሽሮና በርበሬ ይዞ ኩሽና ያለው ማረፊያ መከራየት ይህን ችግር ይፈታል።

ባሕሩን እንዴት እንደምታዩ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ዓሣ ነባሪው ሳይሆን ትንፋሹ ነው፤ 3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደ ጭስ ይቆማል፣ ከጨለማ ደን ፊት ለፊት ጎልቶ ይታያል። ባዶ ዓይናችሁን በአድማሱ ላይ ቀስ እያላችሁ አንሸራትቱ፤ ትንፋሹን ስታዩ ብቻ ባይኖኩላሩን (አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር) አንሱ። ሃምፕባክ ጥቂት ጊዜ ተንፍሶ ጀርባውን ሲያጎብጥና ጅራቱን ከውኃ ሲያወጣ ወደ ጥልቀት እየጠለቀ ነው። ያኔ ሰዓታችሁን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይመለሳል። የጅራቱ የታችኛው ገጽ ነጭና ጥቁር መልክ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለይ ተመራማሪዎች በዚያ ነው የሚያውቋቸው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ብዙ ሆነው በኅብረት ያጠምዳሉ። ከታች ሆነው አረፋ በክብ ይለቃሉ፤ ሄሪንጉ አረፋውን እንደ ግድግዳ ፈርቶ መሀል ይከማቻል፤ ከዚያ አፋቸውን ከፍተው በአንድ ላይ ከሥር ይወጣሉ። ምልክቱ ወፎች ናቸው። የባሕር ወፎች በድንገት አንድ ቦታ ላይ ተሰብስበው እየጮኹ ዝቅ ብለው መዞር ከጀመሩ ካሜራችሁን ወደዚያ አዙሩ። ይህ በየቀኑ አይታይም፤ ለማሳየት ቃል የሚገባ ድርጅት ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩ።

በአላስካ ውኃ ጀልባ ወደ ሃምፕባክ ከ91 ሜትር በታች መጠጋት በሕግ የተከለከለ ነው። ካፒቴኑን «ትንሽ ቅረብ» ብላችሁ አትጎትጉቱ። የሚበላ እንስሳ ከመብሉ ከተረበሸ በሃዋይ ለሚጾመው ክረምት የሚያጠራቅመው ስብ ይጎድላል፤ ከእናቲቱ ሲጎድል ደግሞ ከግልገሏም ይጎድላል። ዌል ሴንስ በሚባለው የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም የታቀፉ ጀልባዎች ከሕጉ በላይ ጥንቃቄ ለማድረግ የተስማሙ ስለሆኑ ከእነሱ መካከል ብትመርጡ እንወዳለን።

ወንዝ ዳር፣ ድብ ፊት

መሬት ላይ ከመውረዳችሁ በፊት ኪሳችሁን ፈትሹ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ማስቲካ፣ ከረሜላ፣ የሳል ጽላት፣ ጣዕም ያለው የከንፈር ቅባት፣ የጥርስ ሳሙና፦ ለድብ አፍንጫ ሁሉም ምግብ ነው። ጠጉር የተቀባ ቅቤና ጠንካራ ሽቶም ለዚያ ቀን ይቅር። ፓክ ክሪክም ሆነ አናን የማያ ቦታው ላይ ምግብ አይፈቀድም፤ ምሳችሁ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚበላ ሬንጀሩ (የቦታው ጠባቂ) ወይም አስጎብኚው ይነግራችኋል። ትእዛዙ የሚጠብቀው እናንተን ብቻ አይደለም። በእነዚህ ወንዞች ዳር ድቡ ሰው አጠገብ በሰላም የሚያጠምደው ሰውን ከመብል ጋር አገናኝቶ ስለማያውቅ ነው። አንድ ጊዜ የሰው ምግብ የቀመሰ ድብ ሌላ ጊዜ ይመጣል፣ ይደፍራል፣ መጨረሻው በጥይት መገደል ነው። ከኪስ የወደቀች አንዲት ከረሜላ የድብ ሕይወት ልታስከፍል ትችላለች።

ቡናማና ጥቁር ድብ በቀለም አይለዩም፤ ቡናማ መልክ ያለው ጥቁር ድብ አለ። ትከሻውን እዩ፦ ቡናማው ጉብታ አለው፣ ፊቱም ከመሀል ገባ ያለ ነው፤ የጥቁሩ ፊት ቀጥ ያለ፣ ጆሮው ረዘም ያለ ነው።

እኛ ያደግነው ውሻ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ማንሳትን ለምደን ነው። እዚህ ያንን እጅ መግታት ያስፈልጋል። አትጎንበሱ፣ አትወርውሩ፣ ከሁሉ በላይ አትሩጡ፤ ድብ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፣ የሚሮጥ ነገርንም ያሳድዳል። በጫካው መንገድ ላይ አንድ ላይ ተጠጋግታችሁ፣ በተለመደ ድምፅ እያወራችሁ ሂዱ፤ በድንገት የተገናኘ ድብ ነው አደገኛው። የወንዙ ጩኸት ድምፅ ስለሚውጥ መታጠፊያ ላይ ጮክ በሉ። ልጆች መሀል ይሁኑ፣ እጃቸው ይያዝ። መመልከቻው ላይ ስትደርሱ ግን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ተቀመጡ፣ ቦታ አትቀያይሩ።

ርቀቱን የሚወስነው አስጎብኚው ነው። በካትማይ ፓርክ ሕጉ ከማንኛውም ድብ 46 ሜትር መራቅ ነው። ቁጥሩ ምንም ቢሆን መለኪያው ድቡ ራሱ ነው፦ በእናንተ ምክንያት መብላቱን ትቶ ቀና ካለ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው። ማዛጋት፣ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ መንጋጋን ማንቀጨቅጨቅና በኃይል መተንፈስ የመጨነቅ ምልክቶች ናቸው። ማዛጋቱን ብዙ ሰው እንቅልፍ ይመስለውና ፎቶ ያነሳል። እነዚህን ስታዩ ዓይን ዓይኑን ሳታፈጡበት፣ በዝግታ እያወራችሁ፣ በጎን በኩል ወደ ኋላ አፈግፍጉ።

የድብ ስፕሬይ፣ ማለትም የሚያጠቃ ድብን የሚያባርር በርበሬ ያለበት መርጫ፣ በአስጎብኚ የሚሄድ ሰው መግዛት የለበትም፤ አስጎብኚው ይይዛል። ራሳችሁን ችላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ጁኖ ደርሳችሁ ግዙ፤ በመንገደኞች አውሮፕላን በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። ውኃ ላይ በሚያርፈው አውሮፕላን ስትሄዱ ለአብራሪው ቀድማችሁ ንገሩት፤ ከተሳፋሪው ክፍል ውጪ፣ ከተንሳፋፊው እግር ውስጥ ያስቀምጠዋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቢፈነዳ አብራሪው ማየት አይችልም። 225 ግራም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ጊዜው ያላለፈበት ቆርቆሮ ምረጡ። ከወገብ ወይም ከደረት ላይ ይታሰር፤ ቦርሳ ውስጥ ያለ ስፕሬይ የለም ማለት ነው። ድቡ ሲመጣባችሁ መያዣውን አንሥታችሁ 9 ሜትር ያህል ሲቀርብ ከፊቱ ዝቅ አድርጋችሁ ንፉ፤ ደመናው ውስጥ ራሱ ይገባል። እንደ ወባ ትንኝ መከላከያ ልብስና ድንኳን ላይ የሚነፉት ሰዎች አሉ፤ ይህ እጅግ ስሕተት ነው። የደረቀው ቅሪት ሽታ ድብን ይስባል እንጂ አያርቅም።

ቡናማ ድብ ተከላክሎ ቢነካችሁ በሆዳችሁ ተኙ፣ ቦርሳችሁን አታውልቁ፣ ሁለት እጃችሁን ማጅራታችሁ ላይ አቆላልፉ፣ እንዳይገለብጣችሁ እግራችሁን ከፍታችሁ ዘርጉ። ርቆ እስኪሄድ አትንቀሳቀሱ። ካልተወና መንከሱን ከቀጠለ ተዋጉ። ጥቁር ድብ ሲያጠቃ ግን አይተኛም፤ ከመጀመሪያው ፊቱንና አፍንጫውን እየመታችሁ ተዋጉ። ፓክ ክሪክን በመሰሉ በሥርዓት በሚጠበቁ ቦታዎች እዚህ የሚያደርስ ነገር እጅግ ብርቅ ነው፤ ሆኖም ጀልባ ላይ ስለ መስመጥ ገለጻ እንደሚሰጠው ሁሉ ይህም ይታወቅ።

መሣሪያ

ባይኖኩላር 8 በ42 (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ይበቃል። 10 እጥፍ የሚያጎላው ሰውን ያማልላል፤ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ግን የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ይኑረው፤ ዓሣ ነባሪ ብቅ ብሎ የሚቆየው «ስጠኝ ልየው» እስኪባል ድረስ አይደለም።

ካሜራ ላለው ከ100 እስከ 400 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ሌንስ ሁለቱንም እንስሳት ይይዛል። ፍጥነቱን 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ አድርጉ፤ በደመና ቀን ብርሃኑ ስለሚያንስ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) ለካሜራው ተዉለት። ፍላሽ ይጥፋ፣ ድሮን ቤት ይቅር። ከቅዝቃዜ ወደ ሞቃት ክፍል ስትገቡ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ዘግታችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ አለዚያ ሌንሱ ውስጥ ጤዛ ይይዛል። ስልክ ብቻ ያላችሁ አታጉሉ፤ በሰፊው ቪዲዮ ቅረጹ፣ ዓሣ ነባሪውን ከተራራው ጋር ያዙት። ተጨማሪ ባትሪ ከገላ በቀረበ ኪስ ይቀመጥ፤ ብርድ ቶሎ ያሟጥጠዋል። 3 የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅና 10 ሊትር የሚይዝ ውኃ የማያስገባ ከረጢት ጨምሩ።

ስትመለሱ ያልተነፋው የድብ ስፕሬይ አውሮፕላን ላይ ስለማይወጣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትጣሉት፤ መኪናው ሲጨፈልቀው ሠራተኞቹን ይጎዳል። ማረፊያችሁን ጠይቁ፤ ለቀጣዩ እንግዳ የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው። የቦት ጫማችሁንም ጭቃ እዚያው እጠቡት፤ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ዘር ተሸክሞ ይሄዳል።